ፍጥነት ረክሷል፣ የስፖርት መኪና ግን ተወዷል፤ ታዲያ መግዛቱ ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. በ2020 ሞተሩን ከነጂው ጀርባ ያደረገው አዲሱ ሸቭሮሌ ኮርቬት ለገበያ ሲቀርብ መነሻ ዋጋው 59,995 ዶላር ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ወደ 70,000 ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዘመን 97,400 ዶላር ይጠየቅበት የነበረው የፖርሽ 911 ካሬራ መነሻ ዋጋ ለ2025 ሞዴል 120,100 ዶላር ደረሰ። ኒሳን ጂቲ-አር በ2009 ሞዴልነት አሜሪካ ሲገባ ከ70,000 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ ምርቱ ሊቋረጥ ሲቃረብ ግን ዋጋው ከ120,000 ዶላር አልፎ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው የስፖርት መኪና ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ እጅ ጨርሶ ወጥቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ሆኖም የአንድ ዕቃ የዋጋ ቁጥር ከፍ ማለቱና ዕቃው በእርግጥ መወደዱ አንድ አይደሉም። ዕቃው ተወደደ ማለትም መግዛቱ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ጉዳዩን በቅጡ ለመመዘን ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የገንዘቡን የመግዛት አቅም፣ ዋጋው የጨመረበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ገዢው በገንዘቡ ምትክ የሚያገኘውን ነገር። በሦስተኛው ላይ የሚደረስበት መልስ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። የስፖርት መኪና ለአንድ ምዕተ ዓመት ሲወደስበት የኖረው ፍጥነት ዛሬ ረክሷል። ብርቅ ሆኖ የቀረው ሌላ ነገር ነው።

ዋጋው በእርግጥ ምን ያህል ጨመረ?

ገንዘብ ራሱ ዋጋ እንደሚያጣ ማንም ያውቃል፤ የመኪና ዋጋ ሲነሳ ግን ይህ እውነት ቶሎ ይዘነጋል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ በብዙዎች ዘንድ ሚያታ የምትባለው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ በ1990 ሞዴልነት አሜሪካ ውስጥ ስትሸጥ መነሻ ዋጋዋ 13,800 ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ በአሜሪካ የዋጋ ግሽበት ሲሰላ ዛሬ ከ33,000 ዶላር በላይ ይሆናል። የአሁኗ ሚያታ መነሻ ዋጋ ግን 30,000 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ማለት የተሻለ ሞተር፣ የተሻለ ፍሬንና እጅግ የላቀ የአደጋ መከላከያ ያላት የዛሬዋ መኪና ከ35 ዓመት በፊት ከነበረችው እህቷ በእውነተኛ ዋጋ ረክሳለች ማለት ነው።

በሌሎቹም ላይ ስሌቱ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የ2020ው ኮርቬት ዋጋ ግሽበቱ ብቻ ቢጨመርበት በ2025 ወደ 74,000 ዶላር በደረሰ ነበር፤ የተሸጠው ግን ከዚያ ባነሰ ዋጋ ነው። የ911 ካሬራም ጭማሪ እስከ 2025 ሞዴል ድረስ ከሞላ ጎደል በግሽበቱ የሚብራራ ነው። ጂቲ-አር ግን ግሽበቱን ቀድሞ ሄዷል፤ የመጀመሪያው ዋጋው ወደ ዛሬ ገንዘብ ሲመለስ 102,000 ዶላር ገደማ ነውና፣ ከዚያ በላይ ያለው እውነተኛ ጭማሪ ነው።

ታዲያ ገዢው የሚሰማው ሕመም ሐሰት ነው? አይደለም። ምንጩ ግን በዋናነት የፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ደመወዙ ከግሽበቱ እኩል ላልተራመደ ሰው የግሽበት ስሌት መጽናኛ አይሆንም። ከዚህም በላይ የብድር ወለድ አለ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወደ ዜሮ ተጠግቶ የነበረውን መነሻ ወለድ ሲያሳድግ ቆይቶ በሐምሌ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አድርሶታል። 60,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት የተበደረ ሰው በጠቅላላው 5,600 ዶላር ገደማ ወለድ ይከፍላል። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ የተበደረ ግን 13,650 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ወርሃዊ ክፍያውም ከ912 ወደ 1,023 ዶላር ያድጋል። የመኪናው ዋጋ በአንድ ሳንቲም ሳይጨምር ግዢው በ8,000 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። ይህን ክፍያ የሚቀበለው የመኪናው ሠሪ ሳይሆን ባንኩ ነው።

የምርጫው መጥበብ

ሁለተኛው እውነተኛ ለውጥ በመካከለኛ ዋጋ የሚገኙት የስፖርት መኪኖች አንድ በአንድ እየጠፉ መሄዳቸው ነው። የአውዲ ቲቲ ምርት በ2023 ቆመ። የሸቭሮሌ ካማሮም በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ፤ ጃጓር ኤፍ-ታይፕ ደግሞ በ2024 ተከተላቸው። ጂቲ-አር በነሐሴ 2025 ተሰናበተ። የፖርሽ ትንሿ መኪና፣ የቤንዚኗ 718፣ በ2024 ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከወጣች በኋላ በ2025 ምርቷ ተቋርጧል።

የ718 ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ከአውሮፓ ገበያ ያስወጣት የሞተሯ ጭስ ወይም የገዢ መጥፋት አይደለም። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በኅብረቱ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ከመረጃ ጠላፊዎች መጠበቁን እንዲያረጋግጥ ደንቡ ያስገድዳል። የ718 የኤሌክትሮኒክስ አሠራር ከዚህ ደንብ በፊት የተቀረጸ ነበር። እንደ አዲስ መሥራቱ ደግሞ ዕድሜዋ ሊያበቃ ለተቃረበ መኪና የማያዋጣ ወጪ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድን መኪና ለመቅረጽና ደንቦችን ሁሉ እንዲያሟላ ለማድረግ አንድ ቢሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። መኪናው በዕድሜው ሁሉ 100,000 ብቻ ቢሸጥ በእያንዳንዱ ላይ 10,000 ዶላር ያርፋል። ሁለት ሚሊዮን የሚሸጥ የቤተሰብ መኪና ቢሆን ግን ድርሻው 500 ዶላር ብቻ ነው። የአየር ከረጢት፣ የጭስ ማጣሪያ፣ የካሜራና የኮምፒውተር ደንብ ለሁለቱም እኩል ይሠራል፤ ሸክሙ ግን እኩል አይደለም። ጂቲ-አር በ18 ዓመት ውስጥ የተመረተው 48,000 ገደማ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ዋጋው ለምን ግሽበቱን እንደቀደመ ይገባል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት አንዳንድ ኩባንያዎች ወጪ መጋራትን መርጠዋል። ቶዮታ ጂአር 86ን ከሱባሩ ጋር፣ ሱፕራን ደግሞ ከቢኤምደብሊው ጋር አብሮ ሠራ፤ ሱፕራ የጃፓን ስም ትያዝ እንጂ የተገጣጠመችው በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ነው። ጂአር 86 ዛሬም በ30,000 ዶላር አካባቢ መገኘቷ የዚህ መተባበር ፍሬ ነው።

ሌሎቹ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ፤ ጥቂት ማምረት፣ በውድ መሸጥ። ፌራሪ በ2024 ለዓለም ያቀረበው 13,752 መኪና ብቻ ነው። ትርፉ የሚያድገው በሚሸጠው ብዛት ሳይሆን ደንበኛው ለቀለሙ፣ ለቆዳውና ለልዩ ልዩ ማስጌጫው በሚጨምረው ገንዘብ ነው። ይህ አሠራር አሁን ከፌራሪ ወርዶ በሌሎችም ዘንድ ተለምዷል። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው መነሻ ዋጋና ገዢው በመጨረሻ የሚፈርምበት ዋጋ እየተራራቁ የመጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ አሜሪካ በሚያዝያ 2025 ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። በኋላ ለጃፓንና ለአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ቀረጡ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ ከበፊቱ 2.5 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ፍጥነት እንዴት ረከሰ?

የመጀመሪያው ፖርሽ 911 በ1960ዎቹ ሲሸጥ ሞተሩ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ነበር። በዘመኑ ይህ ከተራው መኪና እጅግ የራቀ ነገር ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ ነጂዎች የሚያውቋት ቶዮታ ካምሪ፣ በስድስት ሲሊንደር ሞተሯ 301 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከቆመችበት ተነሥታ 96 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃት ነበር። ዛሬ ደግሞ አምስት ሰው የምትጭነው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን፣ በ3.4 ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትደርሳለች። ይህ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የውድድር መኪና ወግ ነበር።

ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ሞተር ባሕርይ ነው። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት መጀመሪያ ዙሩ ከፍ ማለት አለበት፤ ማርሽ መቀያየርም ግድ ይለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ጎማው ሳይንሸራተት ኃይሉን በሺህኛ ሰከንድ ልዩነት ይመጥነዋል። ስለዚህ በቀጥታ መንገድ ላይ መስፈንጠር ከእንግዲህ የውድ መኪና ምልክት አይደለም።

ከፍተኛ ፍጥነትም ቢሆን ተፈጥሮ ራሷ የምትቀጣበት ነገር ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው በእንቅስቃሴው የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበትም፣ ግጭት ሲደርስ የሰውን አካል የሚመታውም ይኸው ጉልበት ነው። የአየሩን ግፊት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር አቅም ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ200 ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመሄድ የሚከፈለው ገንዘብ ይህን የተፈጥሮ ሕግ ለመግፋት የሚከፈል ነው። በአሜሪካም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ያን ፍጥነት በሕግ የሚፈቅድ የሕዝብ መንገድ የለም። ገዢው ሊጠቀምበት የማይችለውን አቅም ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ ያቆማል።

የሰው አካል ስሜትም ይህንኑ ያረጋግጣል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ሕዋስ የሚያውቀው የፍጥነትን ለውጥ እንጂ ፍጥነትን ራሱን አይደለም። በአውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መንገደኛ ተኝቶ ይሄዳል። በአንጻሩ 40 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚዞር መኪና ተሳፋሪውን ወደ ጎን የሚስብበት ኃይል የመሬት ስበት 70 በመቶ ያህል ይሆናል። የመንዳት ደስታ የሚገኘው በኩርባው፣ በመሪው በኩል ወደ እጅ በሚመጣው ስሜት፣ በማርሹና በፍሪሲዮኑ ቅንጅት ነው። 1,060 ኪሎ ገደማ የምትመዝነውና 181 የፈረስ ጉልበት ያላት ሚያታ ይህን ደስታ በሕጋዊ ፍጥነት ትሰጣለች። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ኃያል መኪና ያንኑ ስሜት ለመስጠት አደገኛ ወደሆነ ፍጥነት መድረስ ይኖርበታል። እንግዲህ ዛሬ ብርቅ የሆነው ቅለትና የእጅ ስሜት ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ብርቅ ነገር በገበያው ርካሽ ጫፍ ላይ መገኘቱ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል 70,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ይታሰብ። ገዢው 10,000 ከፍሎ 60,000ውን በ7 በመቶ ለስድስት ዓመት ይበደራል። ከስድስት ዓመት በኋላ መኪናው በ60 በመቶ ዋጋው ቢሸጥ 28,000 ዶላር ጠፍቷል። ወለዱ 13,650 ነው። ለኢንሹራንስ፣ ለጎማ፣ ለጥገናና ለነዳጅ በዓመት 4,500 ዶላር ቢወጣ በስድስት ዓመት 27,000 ይሆናል። ድምሩ 68,650 ዶላር፣ በዓመት 11,440 ገደማ ነው። መኪናው ለደስታ የሚነዳው በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በዓመት 150 ሰዓት ቢሆን እያንዳንዱ ሰዓት 76 ዶላር ይፈጃል።

በሌላ በኩል 30,000 ዶላር የሚያወጣውን ቀላል መኪና 10,000 ከፍሎ ቀሪውን በዚያው ወለድ የገዛ ሰው፣ መኪናው 55 በመቶ ዋጋውን ቢይዝና ዓመታዊ ወጪው 3,000 ዶላር ቢሆን፣ በዓመት የሚያወጣው 6,000 ዶላር ገደማ ነው። ሰዓቱ 40 ዶላር ይመጣል። ያገለገለ መኪና በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ደግሞ ወለዱ ይቀራል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከባድ የዋጋ መውረድም የተሸከመው ሌላ ሰው ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው በመኪና ገበያ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ሳሩ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ነው፣ ገደሉ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው።

አንዳንዶች ለዚህ ስሌት መልስ አላቸው፤ የቤንዚን ስፖርት መኪና ዘመኑ ሊያልፍ ስለሆነ አሁን የተገዛው ነገ ይወደዳል፣ ስለዚህ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው ይላሉ። ክርክሩ ለጥቂት ብርቅ ሞዴሎች እውነት ሊሆን ይችላል። ለብዙኃኑ ግን አይሠራም። ፖርሽ በ2024 ብቻ ከ50,000 በላይ 911 መኪኖችን ለደንበኞች አስረክቧል፤ በየዓመቱ ይህን ያህል የሚመረት ዕቃ ብርቅ ሊባል አይችልም። ዋጋውን እንዲይዝ ተፈልጎ የማይነዳ መኪናም ቢሆን ኢንሹራንስ ይከፈልበታል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል። ከሁሉም በላይ የተገዛለትን ደስታ አይሰጥም። በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ወለዱ በየወሩ በእርግጠኝነት ይሄዳል፣ የዋጋው መጨመር ግን ተስፋ ብቻ ነው።

በውጭ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ በዚህ ላይ አንድ የተለየ ነጥብ አለ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ በሜሪላንድ ወይም በፍራንክፈርት የቤንዚን ስፖርት መኪና ገዝቶ አንድ ቀን ወደ ሀገር ቤት ይዞት ለመግባት የሚያስብ ሰው እቅዱ በዚህ ደንብ ይዘጋበታል። መኪናው የሚሸጠውም የሚያረጀውም በስደት ምድር ነው፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይታሰብ።

ለማን ያዋጣል?

ድሮ የተሸለመ ፈረስና በቅሎ የጌታውን ማዕረግ ይናገር እንደነበር ሁሉ፣ ዛሬም በሠርግ አዳራሽ በርና በቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆመ መኪና ብዙ ይናገራል። ከአንድ ትውልድ ልፋት በኋላ የሚያምር ነገር መግዛት ነውር አይደለም፤ የደከመ ሰው ደስታ ይገባዋል። ነገር ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። በወር 1,023 ዶላር የሚጠይቅ መኪና የቤት መግዣ ቅድመ ክፍያን፣ የልጅን የትምህርት ገንዘብ ወይም ለወላጅ የሚላከውን ድጋፍ የሚሻማ ከሆነ፣ የተገዛው ክብር ሳይሆን ጭንቀት ነው።

የስፖርት መኪና መግዛት ዛሬም የሚያዋጣለት ሰው አለ። ስሌቱን አውቆ የሚገባ፣ ከዕለት ኑሮው የማይነካ ገንዘብ ያለው፣ ለማሳየት ሳይሆን ለመንዳት የሚፈልግ፣ መኪናውንም ለብዙ ዓመት ሊይዝ የወሰነ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀላሉን፣ ቀለል ያለ ዋጋ ያለውን፣ ቢቻል ያገለገለውንና በመካኒክ የተመረመረውን ቢመርጥ ከገንዘቡ የተሻለ ደስታ ያገኛል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ኃያሉን መኪና መቅመስ ለሚበቃው ደግሞ ከመግዛት የቀለለ መንገድ አለ። በአትላንታና በሎስ አንጀለስ ያሉት የፖርሽ የመንዳት ማዕከላት፣ በአቡ ዳቢ የያስ ማሪና የውድድር ሜዳ፣ በጀርመን ለሕዝብ የሚከፈተው 20.8 ኪሎ ሜትር የኑርቡርግሪንግ ጎዳና ያን ዕድል ይሰጣሉ። ፍጥነት የሚፈቀድበት ቦታም እዚያ ነው።

የመኪና ኩባንያዎች ለብዙ ዘመን ፍጥነትን ከክብር ጋር አስረው ሸጠዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ያን ማሰሪያ በጥሶታል፤ ፍጥነት ዛሬ ልጆችን ትምህርት ቤት በሚያደርሰው መኪና ውስጥም አለ። ለፍጥነት ብሎ 120,000 ዶላር የሚከፍል ሰው የረከሰውን ዕቃ በውድ ገዝቷል። መሪ ጨብጦ በተራራ ኩርባ ላይ በዝግታ ለመደሰት የፈለገ ግን ከዚያ በሩብ ዋጋ የሚሻውን ያገኛል።